ሦስቱ ናውቲለሶችና እማማ ትርንጎ

ባለፈው ሳምንት መጋረጃ ልገዛ «ቢሉ ሴንተር» የሚባለው የገበያ ማዕከል ገብቼ፣ የቤት ጌጦች መሀል ለሁለት የተሰነጠቀ የናውቲለስ ዛጎል አየሁ። ሻጯ «ለሳሎን ያምራል» አለችኝ። መጋረጃውን ሳልገዛ ወጣሁ።

ናውቲለስን ያወቅኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። እዚሁ እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ፣ በምማርበት ቤተ ሙከራ ሦስት ናውቲለሶችን እንከባከብ ነበር። የኦክቶፐስ ዘመድ ናቸው፤ ግን ዛጎል አላቸው። የዛጎሉ የኋላ ክፍሎች አየር ስለያዙ እንስሳው አይሰምጥም፤ የሚኖረው በፊተኛው ክፍል ብቻ ነው። ወደዚያ ውሃ ስቦ ይተነፍሳል፤ ያንኑ ውሃ በሥጋ ቱቦው ገፍቶ ሲያስወጣ ወደ ኋላ ይዋኛል። መተንፈሱና መዋኘቱ ከአንድ ውሃ ነው። ውሃው ሞቆ አየር ሲያጥረው ሩቅ መሸሽ አይሆንለትም፤ ዛጎሉ ውስጥ ተሸሽጎ፣ ትንፋሹን ቀንሶ ይጠብቃል።

ቤተ ሙከራውን የሚያጸዱት እማማ ትርንጎ ሻዓራይም በሚባለው ሰፈር ጎረቤታችን ነበሩ። ዓርብ ዓርብ ለሰንበት ከጋገሩት ዳቦ ቆርሰው ያመጡልኝ ነበር።

የብርቱካን አበባ ከተማውን በሚያውድበት ሰሞን፣ አንድ ዓርብ፣ የገንዳቸውን ውሃ ለመቀየር የውሃ ማቀዝቀዣውን ሶኬት ነቅዬ ፓምፑን ሰካሁ። ስጨርስ ፓምፑን አነሳሁ። ዓርብ ሲመሽ ሰንበት ገብቶ አውቶቡስ ስለሚቆም፣ የመጨረሻው እንዳያመልጠኝ ስሮጥ፣ ማቀዝቀዣውን መልሼ መሰካቱን ረሳሁ።

እሑድ ጠዋት ሽታው ከበሩ ተቀበለኝ። ሁለቱ ሞተዋል። የሦስተኛው ቱቦ አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጣል። በረዶ ጨመርኩበት፤ ከቀትር በፊት እሱም ቆመ።

ኃላፊያችን የተነቀለውን ሶኬት አይቶ፣ ዓርብ መጨረሻ የወጡትን እማማ ትርንጎን አስጠራቸው። ዕብራይስጥ ብዙም አይችሉም፤ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ንገሪልኝ እስቲ። ወለሉን ብቻ ነው የወለወልሁት። ሽቦ የሚባል አልነካሁም።»

እኔም ለኃላፊው በዕብራይስጥ «ነቅዬው ይሆናል፣ ትዝ አይለኝም ነው የምትለው» አልኩት።

«ቤሰደር» አለ፣ እሺ ማለቱ ነው፤ ሌላም አልጠየቀም።

እማማ ትርንጎ እጄን ያዙ። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሉኝ። በሳምንቱ በቦታቸው ሌላ ሴት መጣች። እሳቸው ከዚያ ወዲህ ቋሚ ሥራ አላገኙም። ለእናቴ ግን «ያንች ልጅ ተሟግታልኝ ነበር» ይሏት ነበር።

እኔ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ሠርቼ፣ አሁን ጡረታ ልወጣ ተቃርቤያለሁ። ልጅ ነበርኩ፣ ደንግጬ ነው እያልኩ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬያለሁ። አልደነገጥኩም። አፌን ከመክፈቴ በፊት ፊታቸውን አይቼ፣ የምለውን መርጬ ነው የተናገርኩት።

እማማ ትርንጎ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ልጃቸው ከእኔ ሁለት መንገድ አለፍ ብላ ትኖራለች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ጉንጬን ስማ «የእናቴ ባለውለታ» ትለኛለች። እስከ ዛሬ ዝም ብዬ እሳማለሁ።