ያን ረመዳን የጋገርኩት ዳቦ

ለሰው ዳቦ ቆርሼ ስሰጥ ምን ምን እንዳለበት ሳልናገር አልሰጥም። ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ ትንሽ ዘይት፣ የፓኬት እርሾ። ሰውየው ጠየቀኝ አልጠየቀኝ ግድ የለኝም። ሰመራ የምትሠራው ልጄ በዚህ ነገር ትስቅብኛለች። ባለፈው ልጠይቃት ሄጄ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ዳቦ ደፍቼ ሳቀርብ፣ እጃቸው ገና ትሪው ላይ ሳይደርስ መዘርዘር ጀመርኩ። «እማዬ ደግሞ! መድኃኒት የምትሸጪ መሰለሽ እንዴ?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ይህን አመል ከየት እንዳመጣሁት ግን ለሷም ነግሬያት አላውቅም። አፍሬ ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ አዋሽ ሰባት ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስቼ በአስተማሪነት ተመድቤ ወረድኩ። ቀበሌው የሰጠኝ ቤት ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነበር። ግቢው በሙሉ ከአዋጁ በፊት የጎረቤቴ ነበር። ጎረቤቴ የወሎ ሰው ነበሩ፤ ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን የቀሩ፣ ጣቢያው አጠገብ ሻይና ሳምቡሳ የሚሸጡ ሴት። ትርፍ ቤት ሲወረስ የሚኖሩበት ቀረላቸው፣ ሌላው ለቀበሌው ሆነ፣ ከቀበሌው ደግሞ ለኔ ደረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን ያዞርብኝ ነበር። እሳቸው በገባሁበት ቀን አንድ ማሰሮ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘው በሬ ላይ ቆሙና «አብሽሪ ልጄ፣ ሙቀቱ መጀመሪያ ላይ ነው የሚያስቸግረው፤ ኋላ ትለምጅዋለሽ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ እያልኩ እጠራቸው ጀመር።

በአንድ ግቢ ስንኖር የማንገናኝበት ነገር ሥጋ ብቻ ነበር። እሳቸው የኛን እርድ አይበሉም፣ እኔም የነሱን አልበላም። ፋሲካ ሲሆን የኔ ድስት ይሸታል፣ ዒድ ሲሆን የሳቸው ይሸታል፤ ሽታው አጥር አያውቅም፣ ሳህኑ ግን ከደጃፍ አያልፍም። ዳቦ ሌላ ነው። ዳቦ ማንም አይጠይቅበትም። እኔ የጋገርኩትን እሳቸው ይቆርሳሉ፣ የሳቸውን ቂጣ እኔ እበላለሁ። አራት ዓመት እንዲህ ስንኖር ዳቦዬ ውስጥ ምን እንዳለ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። ምን ብለው ይጠይቃሉ?

ዳቦ መድፋት ከእናቴ የተማርኩት ነው። አዋሽ ላይ ምድጃ አልነበረኝም፤ በብረት ድስት ነበር የምደፋው። ድስቱን ከመንግሥት እርሻ በሚመጣ የሙዝ ቅጠል እለብጥና ሊጡን እገለብጥበታለሁ፣ ከታች ከሰል፣ ከክዳኑም በላይ ከሰል። ትልቁ ችግር ሙቀቱ ነበር። እናቴ ማታ አቡክታ ጠዋት የምትደፋው ሊጥ፣ አዋሽ ላይ ትምህርት ቤት ደርሼ እስክመለስ ክዳኑን አንስቶ ወለሉ ላይ ይጠብቀኛል። እያደር ለመድኩት። በአስተማሪነቴ ያመሰገነኝ ሰው ትዝ አይለኝም፤ በዳቦዬ ግን የጣቢያው ሰው ሁሉ ያውቀኝ ነበር። ይህ ነገር ልቤን ነፍቶት እንደነበር ዛሬ አልክድም።

ደረቁን እርሾ በቆርቆሮ ከድሬዳዋ በባቡር የምታመጣልኝ አንዲት ነጋዴ ነበረች፤ ቀሚሷ ውስጥ ከኮንትሮባንድ ጨርቋ ጋር ጠቅልላ ነው የምታሳልፈው። አንድ ዓመት ፊናንሶቹ ፍተሻውን አጠበቁና እሷም ቀረች፣ እርሾውም ቀረ። ዱቄትና ውሃ በጥብጬ የራሴን እርሾ ልሠራ ሞከርኩ። ሙቀቱ በአንድ ቀን አኮምጥጦ ያበላሸዋል። የጋገርኩት ሁሉ እንደ ቂጣ ተጋድሞ፣ አፍ የሚያጨማድድ ሆነ። እትዬን እንዲህ ባለ አገር እርሾ እንዴት እንደሚያዝ መጠየቅ እችል ነበር፤ ዕድሜያቸውን እዚያ የጨረሱ ሰው ናቸው። አልጠየቅኩም። ባለሙያዋ እኔ ነኛ!

ከሐዲዱ ማዶ ጠላ የምትሸጥ ያገሬ ሰው ነበረች። ችግሬን ስነግራት ሳቀች። «ይሄም ጭንቅ ሆኖ ነው? ከጋኑ ሥር የተኛውን አተላ ወስደሽ፣ በነጠላ አጥልለሽ አቡኪበት። እናቶቻችን ፓኬት ነበራቸው እንዴ?» አለችኝ። በጣሳ ሰጠችኝ። የዚያን ዕለት ሊጡ እንደዚያ ኩፍ ሲል በሕይወቴ አላየሁም። የጌሾዋን ምሬትና የጠላውን ሽታ እንዲሸፍንልኝ ጥቁር አዝሙድ ከወትሮው እጥፍ ጨመርኩበት። ዳቦው ሲወጣ ላዩ ወርቅ መስሎ፣ ውስጡ እንደ ጥጥ ተፈታ።

ስለ እትዬ አላሰብኩም ብል ይቀለኝ ነበር። አስቤያለሁ። ይህን ብቻዬን እበላዋለሁ፣ ለሳቸው ሌላ እጋግራለሁ ብዬ ነበር። ግን ሽታው ግቢውን ሞላው፤ እሳቸውም ከበራቸው ላይ ሆነው «ማሻ አላህ! ዛሬ ደግሞ ምን ደፋሽ?» ብለው ጠሩኝ። እጄ ቆርሶ ሰጣቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አኘኩና «እርሾ አገኘሽ እንዴ?» አሉኝ።

«እናቴ ላከችልኝ» አልኳቸው።

«እናትሽን አላህ ያቆይልሽ» አሉ።

ከዚያ በሳምንቱ ረመዳን ገባ። እትዬ በሻይ ቤታቸው ቀን የሚሸጡትን ትተው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ ላይ ምንጣፍ ያነጥፉ ነበር። መግሪብ መንገድ ላይ የያዛቸውን የባቡርና የመኪና መንገደኞች ያስፈጥራሉ። ቴምር፣ ውሃ፣ ሳምቡሳ፣ ሻይ። «ጾመኛን ማስፈጠር ትልቅ አጅር አለው፤ ከተቻለሽ ያን ዳቦሽን ጨምሪልኝ» አሉኝ። ዱቄቱን ከቀበሌ ድርሻቸው ሰፍረው አመጡልኝ። በዚያን ጊዜ የፉርኖ ዱቄት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። ዱቄቱን ተቀብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። እውነቱን ብናገር ያን የመጀመሪያውን ቁራሽስ ለምን ሰጠሽኝ ሊሉኝ ነው። ስለዚህ ራሴን ማሳመን ጀመርኩ። የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ አልኮል በሙቀት እንደሚተን ለልጆች አስተምራለሁ። ያንኑ ለራሴ አስተማርኩት። ደግሞ ከመጀመሪያው ሊጥ ቆንጥሬ ሁለተኛውን ባቦካበት፣ ከሁለተኛው ሦስተኛውን፣ ጠላው የት ይኖራል? እያልኩ አሰላሁ። ግን የቆነጠርኩት ሊጥ በሙቀቱ ይበላሻል፤ በየሦስት በየአራት ቀኑ ጣሳዬን በነጠላዬ ሸፍኜ ሐዲዱን እሻገራለሁ። ዱቄቱ በፈቀደ ቀን ከሰዓት እጋግራለሁ። አዛን ሲል እትዬ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለመንገደኛ፣ ሁለተኛውን ለራሳቸው ያደርጋሉ። ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው እናቴን ይመርቃሉ። እናቴ ደብረ ብርሃን ተቀምጣ፣ ስለ ምንም ሳታውቅ፣ ዳቦው በተቆረሰ ቁጥር ተመረቀች። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ አሜን እላለሁ።

ዒድ አለፈ። በሳምንቱ ከእትዬ ጋር ቀበሌው ሱቅ ስኳር ልንቀበል ተሰልፈናል። እሳቸው ከፊቴ፣ እኔ ከኋላቸው። ጠላ ሻጯ መጥታ ከኔ ቀጥላ ቆመች። ተንኮል የማታውቅ ሴት ናት። ትከሻዬን መታ አደረገችና «አስተማሪዋ፣ ጠፋሽ እኮ! ዛሬ አተላው ወፍራም ነው፣ ለዳቦሽ ላስቀምጥልሽ?» አለችኝ።

እትዬ ዞር አሉ። ያዩት እሷን አይደለም፣ እኔን ነው። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዝም ብል እንኳ ይሻል ነበር። ሳቅ ብዬ «ለዶሮዎቼ ነው እኮ» አልኩ። ዶሮ የለኝም። ዶሮ እንደሌለኝ ደግሞ ከእትዬ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግቢው አንድ ነው። ፊታቸውን ወደ ሰልፉ መለሱ። ተራቸው ሲደርስ ካርዳቸውን አስመትተው፣ ስኳራቸውን ይዘው፣ እኔንም ጠብቀው አብረን ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ስለ ስኳሩ መርጠብ አወሩኝ። ቢጮሁብኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታቸው አልጎደለም። አንድ ቀን ግን ከትምህርት ቤት በቀትር ስመለስ ከሰል ተሸክመው ሲገቡ አገኘኋቸውና ውሃ ቀድቼ አቀረብኩላቸው። «ጾመኛ ነኝ» አሉኝ። በማግሥቱም አልጠጡም። በሦስተኛው ቀን አላስችል አለኝና «እትዬ፣ ረመዳን አለፈ አይደለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩ። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም፤ መልሱን እኮ አውቀዋለሁ።

ከሰሉን አስቀመጡና የበራቸው ደፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሸሁን ጠየቅኋቸው» አሉኝ። «ሳታውቂ ነው፣ ምንም የለብሽም አሉኝ። እኔ ግን ሆዴ እሽ አላለኝም። ያን ዳቦ ያፈጠርኩበትን ቀን ቆጠርኩት። አሥራ አንድ ቀን ነው። እመልሰዋለሁ ብየ ነው።»

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «እትዬ፣ እሳቱ እኮ ያተነዋል» የሚል ነው። እንደ ክፍል ውስጥ።

ቀና ብለው አዩኝ። «አንች ተምረሻል፣ ታውቂያለሽ» አሉ። «ምንም ካልነበረበት ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ቀሚሳቸውን አራግፈው ሲነሱ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ ዝቅ ባለ ድምፅ «የኔስ ይሁን፣ ጾሜ እመልሰዋለሁ። እነዚያን መንገደኞች የት አገኛቸዋለሁ?» አሉ።

ይህች ንግግር እስከ ዛሬ አብራኝ ትኖራለች። ወደ ድሬዳዋ የወረደውን፣ ወደ ሚሌ ያለፈውን፣ በእትዬ ምንጣፍ ላይ ቢስሚላህ ብሎ ዳቦዬን የቆረሰውን ሰው ሁሉ ማን ይሰበስበዋል? ስማቸውን አላውቅም። በስማቸው የሚጾምላቸውም የለም።

ይህን በተነጋገርን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሬን ስከፍት ደፉ ላይ በእርጥብ ጨርቅ የታሰረ ትንሽ ማሰሮ አገኘሁ። እትዬ ከግቢው ማዶ ሳምቡሳቸውን እየጠቀለሉ ነበር። «እርሾ ነው» አሉኝ ሳያዩኝ። «ዱቄትና ውሃ ነው፣ ሦስት ቀን ሆኖታል። እንስራው ሥር እርጥቡ አሸዋ ላይ አኑሪው፤ እዚያ ሙቀቱ አይደርስበትም። ጨርቁ ሲደርቅ ውሃ አርከፍክፊበት።» ከፍቼ አየሁት፤ በትናንሽ አረፋ ተሞልቶ ነበር። ይኸው ነው፤ አንድ እፍኝ አሸዋና እርጥብ ጨርቅ። አንድ ቀን ዝቅ ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር።

አሥራ አንደኛው ቀን ሲደርስ ራሳቸው መጡ። «ዛሬ የመጨረሻው ነው። ዳቦ ድፊልኝ» አሉኝ። በዚያው በእሳቸው እርሾ አቦካሁ። ጥቁር አዝሙድ አላስገባሁበትም፤ የምሸፍነው ነገር አልነበረም። ሊጡን ከወትሮው አብዝቼ አሸሁት። አዛን ሊል ጥቂት ሲቀር ትኩሱን በትሪ ይዤ ሄድኩ። ምንጣፉ ላይ ለብቻቸው ተቀምጠው ነበር። አዛኑ ተሰማ። በቴምር አፈጠሩ፣ ውሃ ተጎነጩ፣ ከዚያ ዳቦውን ቆረሱና በእጃቸው ይዘው ቆዩ።

«ምን ምን አለበት?» አሉኝ።

«ዱቄት» አልኩ። «ውሃ፣ ጨው፣ ያንቱ እርሾ። ሌላ ምንም የለበትም። እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዋሽቼዎታለሁ።» እንደ ልጅ አለቀስኩ።

«ይቅር ብየሻለሁ ልጄ፣ ወላሂ ይቅር ብየሻለሁ» አሉ። ቢስሚላህ ብለው በሉ። የቀረውን ቆርሰው ለኔም በእጃቸው አጎረሱኝ።

ይቅር ማለታቸው እውነት ነበር። ታምሜ አስታመውኛል፤ እናቴ ስትሞት ሻይ ቤታቸውን ዘግተው ደብረ ብርሃን ድረስ መጥተው አልቅሰውልኛል። ተዛውሬ አዋሽን እስክለቅ ድረስም ዳቦዬን በልተዋል፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልመለሱትም። ብቻ ስሰጣቸው በተቀበሉ ቁጥር፣ ፊታቸው ላይ ቂም ሳይኖር፣ ድምፃቸው ሳይቀየር፣ ቆርሰው በእጃቸው እንደያዙ «ምን ምን አለበት?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ ይበላሉ።