የአሥራ ሰባት ቁጥር አፍንጫ

ሎሬታ ሆብጉድ ሰው አፍንጫ ውስጥ ቡርሽ መክተት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ዱርሃም ወዳለው ቤተ ሙከራችን በፈቃዱ የሚመጣ ሁሉ እሷ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ቀጭኗን ቡርሽ አስገብታ ሦስት ጊዜ ታሽከረክራለች፤ ሰውየው እንባውን ጠርጎ፣ የሃያ አምስት ዶላር የግሮሰሪ ካርዱን ተቀብሎ ይሄዳል። ቡርሹ ላይ የቀሩትን ህዋሳት ሎሬታ በትናንሽ ሳህኖች ታሳድጋቸዋለች፤ ከሥር ምግብ፣ ከላይ አየር። በአራት ሳምንት ውስጥ ጥቃቅን ፀጉር ያበቅላሉ፣ ንፍጥ ይሠራሉ፣ ንፍጡንም በፀጉራቸው እየጠረጉ ይገፋሉ። ባለቤታቸው የት እንደደረሰ አያውቁም።

ለጋሾች የሚታወቁት በቁጥር ነው። አሥራ ሰባት ቁጥር ግን ሮይስ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጎሚስታ ነበር፣ የሎሬታ ታናሽ ወንድም። ቡርሹ ሲገባበት የተሳደበውን ስድብ ከጎኗ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ከቤተክርስቲያን ዘማሪ አይጠበቅም። ከሁለት ዓመት በፊት ልቡ ቆሞ ሞተ። ማቀዝቀዣው ውስጥ የእሱ ህዋሳት ያሉባት አንዲት ብልቃጥ ቀርታ ነበር።

ያችን ብልቃጥ አለቃችን ዶክተር ኢምሆፍ ፈለጓት። የብዙ ሰው ህዋስ ኢንፍሉዌንዛ ሲገባበት በኬሚካል ምልክት ቶሎ ይጮሃል፣ ጎረቤቶቹን ያስጠነቅቃል። የአሥራ ሰባት ቁጥር ህዋሳት ግን በመጀመሪያው ሙከራ በሽታው ሲገባባቸው ዘግይተው ነው የጮኹት። አፍንጫ ውስጥ ለሚረጨው፣ ተዳክሞ ግን በሕይወት ላለው የክትባት ቫይረስ ደግሞ ፈጥነው ጮኹ። ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። በእኛ ሥራ አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ነገር እንዳልታየ ይቆጠራል፤ መደገም ነበረበት።

«ከፈለግሽ ሌላ ሰው ያሳድጋቸው» አሏት ዶክተሩ።

«ማንም አይነካውም» አለች።

በሦስተኛው ሳምንት ከሳህኖቹ ላይ ንፍጡን ስታጥብ ደረስኩባት።

«ትናንት አጥበሽው የለም እንዴ?»

«ትናንት ትናንት ነው። ታፍኖ እያየሁት ልተወው?»

«ንፍጥ የሚታጠበው በሳምንት አንዴ ነው። ያስተማርሽኝ ራስሽ ነሽ።»

«ስድስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ አፍንጫውን የጠረግኩለት እኔ ነኝ፣ ዊልተን። እጄ ለምዶ ነው።»

ሳቄን ዋጥኩ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ንፍጥ የአፍንጫ አጥር ነው። አጥሩን በየቀኑ አፍርሳ ለቫይረስ ብታቀርበው፣ የምናየው የሮይስን ተፈጥሮ ሳይሆን የእሷን እጥበት ይሆናል። ሌላ ብልቃጥ ደግሞ የለም።

«ወይ አንቺ ንገሪያቸው፣ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ጆሮ ጠቢ» አለችኝና ሄዳ ነገረቻቸው። ኢምሆፍ አልተቆጡም። የሥሩ ምግብ ብቻ እየተቀየረ ሁለት ሳምንት ሳይታጠብ እንዲቆይ አዘዙ። ሎሬታ ሁለቱን ሳምንት እጇን ኪሷ ከታ ሳህኖቹ ካሉበት ማሞቂያ ሳጥን ፊት ስትመላለስ ከረመች። አንጀቴን በላችው፤ ቢሆንም እንዳታጥባቸው ብዬ ከአጠገቧ አልተንቀሳቀስኩም።

ቀኑ ሲደርስ ሥራውን ራሷ ሠራች። ለአራት ሳህን ኢንፍሉዌንዛውን፣ ለአራት ክትባቱን፣ ለአራት ደግሞ ቫይረስ የሌለበትን ፈሳሽ ሰጠች። በሁለተኛው ቀን ኢንፍሉዌንዛ የገባባቸው ፀጉሮች መጥረግ አቁመዋል። ክትባት የገባባቸው ትንሽ ዘገም ቢሉም ይጠርጋሉ።

ህዋስ ምን ብሎ እንደጮኸ የሚነበበው ግን ሲሟሟ ነው። የታመመውም፣ የዳነውም፣ ምንም ያልነካውም እኩል ይሟሟል። ውጤቱ ከወር በኋላ እንደ መጀመሪያው ሆኖ ወጣ፤ የዚያን ዕለት ግን ይህን አናውቅም ነበር። ሎሬታ የማሟሟያውን ፈሳሽ ይዛ ቆመች።

«እኔ ልጨርስልሽ። ሂጂ ምሳሽን ብዪ።»

«ተወኝ» አለች። ቀጥላም ወደ እኔ ሳትዞር «ብቻውን ነበር እኮ፣ ጋራዡ ወለል ላይ» አለች። «ደውሎልኝ ነበር። ፀጉሬን እየተሠራሁ ነበር፤ ስጨርስ እደውልለታለሁ ብዬ ተውኩት።»

ሳህኖቹን አንድ በአንድ ማይክሮስኮፑ ሥር እያስገባች፣ የሚጠርጉትን ፀጉሮች እስኪበቃት አየቻቸው። ከዚያ ፈሳሹን ጨመረች። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ አላነሳችም። አሥራ ሁለተኛውን ሳህን እስክትጨርስ ከወንበሯ አልተነሳችም።