የዴሬ ቪዛ

ባለፈው ሳምንት ታናሹ ልጄ ከናይሮቢ ደወለልኝ። ሊያገባት ያሰባት ልጅ ኬንያዊት ናት፤ ሥራ ወዳገኘበት አገር አብረው ለመሄድ ቪዛ ጠይቀዋል። "እማዬ፣ እውነተኛ ፍቅረኛሞች መሆናችሁን በማስረጃ አሳዩ አሉን" አለኝ እየተነጫነጨ። አብረው የተነሱትን ፎቶ፣ የተጻጻፉትን መልእክት ያቀርባሉ። ለየብቻ እየገቡም እሱ ስለ እሷ እናት፣ እሷ ደግሞ እሱ ቁርሱን ምን እንደሚበላ ሳይቀር ይጠየቃሉ። "አንቺና አባዬስ እንዴት አደረጋችሁ?" ሲለኝ ሳቄ መጣ። የአባትህን ስም ያወቅኩት ቪዛ ቢሮ ውስጥ ነው ስለው አላመነኝም። እዚህ ሀርጌሳ ያለን የእኛ ዘመን ሰዎች ግን ታሪኩን ያውቁታል፤ ዛሬም ሠርግ ቤት ስገባ የሚያነሱብኝ አሉ።

ያኔ ሀርጌሳ ከጦርነቱ ፍርስራሽ እየተነሳች ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የኮምቦልቻ ጎረቤታችን እትዬ ሐዋ ሀርጌሳ ውስጥ ጅግጅጋ ያር የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው መጋረጃ ይሰፉ ነበርና፣ እጄ መልካም ነው ብለው አባቴን አስፈቅደው አመጡኝ። ሥራ እንደዚያን ጊዜ በዝቶብኝ አያውቅም። በየሰፈሩ መዶሻ ይጮሃል፣ በየመንገዱ አሸዋና ድንጋይ ተቆልሏል። ዓመታት በስደት ድንኳን ውስጥ የኖረ ሰው፣ ገና ጣራው ሳይለብስ መጋረጃ ያዝዛል። እትዬ ሐዋ "እነዚህ ሰዎች ቤቱን የሚሠሩት ለመጋረጃው ሲሉ ነው እንዴ?" ይሉ ነበር። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። የራሱን መስኮት ለክቶ የሚመጣ ሰው ፊት ላይ ያለውን ደስታ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ዴሬም የመጣው እንዲሁ ለክቶ ነው። ከደረቁ ወንዝ አሸዋ እየጫነ ለግንበኞች የሚያደርስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ልጅ ሆኖ ከጦርነቱ ሸሽቶ ኢትዮጵያ፣ ጅግጅጋ ከተማ አንድ ጋራዥ ውስጥ ስላደገ አማርኛ ይሞክራል። ለእናቱ ቤት መጋረጃ ፈልጎ ልኩን "ሦስት ክንድ በሁለት ክንድ" አለኝ። እኔም በክንዴ ለክቼ ቆረጥኩ። በሦስተኛው ቀን ጨርቁን አንጠልጥሎ ተመለሰ።

"እህቴ፣ ይሄ እኮ መስኮቱን ግማሽ ራቁቱን አስቀረው።"

"ስህተቱ የኔ አይደለም፣ የክንድህ ነው" አልኩት። ክንዳችንን ጎን ለጎን አድርገን ስናስተያየው የእሱ በአራት ጣት ይበልጣል። እትዬ ሐዋ ከውስጥ ሳል አሰሙ፤ እጄን ሰበሰብኩ። ከዚያ ወዲህ መጋረጃ ማዘዝ ልማዱ ሆነ። የእናቱ ቤት ያለው መስኮት ሁለት ብቻ መሆኑን የሰማሁት ስድስተኛውን ሰፍቼ ከሰጠሁት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ሀርጌሳ ውስጥ ሰው የሚጠራው ሰፈሩ ባወጣለት ቅጽል ስም እንጂ አባቱ ባወጣለት አይደለም። አንካሳውን አንካሳ፣ ወርቅ ጥርስ ያለውን ወርቅ ጥርስ ብለው ፊት ለፊት ይጠሩታል፤ እሱም ሳይከፋው አቤት ይላል። እኛ አገር ቢሆን ያስደበድባል። ዴሬ ማለት ረጅሙ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን እኛም ዘንድ ትልቁ የሚባል ሰው አለ፤ እናቱም፣ ጓደኞቹም፣ የሰፈሩ ባለሱቅም ዴሬ ሲሉት ስሙ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ዓመት ሙሉ ሌላ ስም ይኖረው ይሆን ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።

ለጋብቻ ሲጠይቀኝ ኮምቦልቻ ላለው አባቴ፣ ለአባዬ፣ ከስልክ ቤት ደወልኩ። አባዬ ወፍጮ ቤት ነበረው። ቁጡ ሰው አይደለም፣ ጠያቂ ሰው ነው። ጨው ገዝተህ ብትመጣ ከማን ሱቅ፣ ማን መዘነልህ፣ ለምን ከዚያኛው አልገዛህም ይልሃል። ያን ቀንም ስለ ዴሬ የማይጠይቀኝ አልነበረም። በመጨረሻ "ለአረፋ ይዘሽው ነይ" አለኝ። "በዓይኔ ልየው፣ ልጠይቀው። ደስ ካለኝ እድራችኋለሁ። ካልመጣ ወይም ካልጣመኝ ግን አንቺም እዚሁ ትቀሪያለሽ።" አባዬ ያለውን ያደርጋል።

ዴሬ ኢትዮጵያ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። ሀርጌሳ ካለው የኢትዮጵያ ቪዛ ቢሮ ማዶ ሸራ ወጥረው በታይፕራይተር ፎርም የሚሞሉ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ የደብረ ብርሃን ሰው ነበሩ። የድሮ የቢሮ ጸሐፊ ናቸው፤ ከፎርሙ ጋር ምክርም ይጨምራሉ። "ልጄ፣ ዋናው የግብዣ ደብዳቤ ነው። አባትሽ በቀበሌ አስመስክረው፣ ማኅተም አስደርገው ይላኩ። መንገዱ አቧራ ነውና ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሉት። ጠረፉ ላይ የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ" አሉን። ለአባዬ ነገርኩት። "ስሙን ንገሪኝ" አለ። "ዴሬ" አልኩት። ደብዳቤው በሾፌሮች እጅ ተዘዋውሮ ለመድረስ አንድ ወር ፈጀ። አረፋ ሊሆን አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ያለችኝን አንዲት ደህና ቀሚስ ለብሼ፣ ዴሬም ሸሚዙን አስተኩሶ ቪዛ ቢሮው ገባን።

የቢሮው ሹም ፀጉራቸው የሸበተ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ደብዳቤውን አነበቡ፤ ፓስፖርቱን ገለጡ፤ ተመልሰው ደብዳቤውን አነበቡ።

"የተጋበዘው አቶ ዴሬ ነው። ያመለከተው ሙስጠፋ አደን ጅብሪል ነው" አሉ።

እኔም ከዴሬ ቀድሜ "ሙስጠፋ ማነው?" አልኩ።

ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ዴሬ በቀስታ "እኔ ነኝ" አለ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ሹሙ ፋይሉን ዘጉት። "እመቤት፣ አንቺ የማታውቂውን ሰው እኔ አውቀዋለሁ ብዬ ልፈርም?" አሉኝ። ምን እላለሁ? እውነታቸውን ነው።

ውጭ ስንወጣ አለቀስኩ። "ዓመት ሙሉ ስምህን ደበቅከኝ!"

"ወላሂ አልደበቅኩም። የጠየቀኝ የለም። እኔም ከትምህርት ቤት ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።"

የባሰው ለአባዬ ስደውል መጣ። ነገሩን ነገርኩት። "ስሙን የማታውቂውን ሰው ልታገቢ ነበር?" አለ። "ይምጣ ብቻ። የምጠይቀው ብዙ ነው።"

ጋሽ ታደሰ ገብተው ሹሙን ካነጋገሩ በኋላ መፍትሔ ይዘው ወጡ። አዲስ ደብዳቤ ይምጣ ቢባል አረፋ ያልፋል፤ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጡ ሦስት ሽማግሌዎች ከነመታወቂያቸው ይምጡ ተብሏል። ዴሬ በማግስቱ ሦስት ሽማግሌ አላመጣም። በአሸዋ መኪናው አሥራ ዘጠኝ ሰው ጭኖ መጣ። የእናቱ ወንድም መጥቶ የአባቱ ወንድም እንዴት ይቀራል? ጎረቤት ተጠርቶ ባለሱቁ እንዴት ይቀራል? እናቱም ላሆህ የሚሉትን ስስ እንጀራቸውን፣ ሻይም በትልቅ ፔርሙስ ይዘው ከኋላ ተቀምጠዋል። ግቢው ሠርግ ቤት መሰለ።

ሹሙ የመጀመሪያውን ምስክር ስም ጠየቁ። ጋሽ ታደሰ አስተረጎሙ። ሰውየው ደረቱን ነፍቶ "ወርቅ ጥርስ" አለ። መታወቂያው ኢብራሂም ይላል። ሹሙ ወደ ሕዝቡ ዞረው "ኢብራሂም የታለ?" ቢሉ ማንም አላወቀውም። ሁለተኛው አንካሳው ነበር፤ በመታወቂያው ግን አሕመድ ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ለምስክሮቹ ምስክር ሊያስፈልግ ነው። ሹሙ ብዕራቸውን አስቀመጡ፤ እኔ ቪዛው ሲያመልጠኝ ይታየኛል።

ያኔ የሁሉም ታላቅ የሆኑ፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ በምርኩዛቸው ተደግፈው ብድግ አሉ። እጃቸውን ዴሬ ትከሻ ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የትውልድ ሐረጉን መቁጠር ጀመሩ። ሙስጠፋ፣ የአደን፣ የጅብሪል... ሹሙ በፓስፖርቱ ላይ በጣታቸው ይከተላሉ። ሦስቱም ገጠመ። ሽማግሌው ግን አላቆሙም። አሥረኛው ላይ ሲደርሱ ሌላኛው ሽማግሌ "አንድ ዘለልክ" ብለው ተነሡ፤ ክርክር ተጀመረ፤ ግማሹ ሰው ከዚህ፣ ግማሹ ከዚያ ሆነ።

"ይበቃል አባቴ፣ ይበቃል!" አሉ ሹሙ እጃቸውን አንሥተው። "ለቪዛ የሚያስፈልገው እስከ አያት ብቻ ነው።"

ማኅተሙ ሲያርፍ የዴሬ እናት እልል አሉ። እኔ ግን ገና አልተነፈስኩም። አባዬ አለ።

ከእትዬ ሐዋ ጋር ሦስት ሆነን ጉዞ ጀመርን፤ እሳቸው በዓሉን አገራቸው ሊያከብሩ፣ እኔንም ሊጠብቁ ነው። በጠረፏ ከተማ በቶጎ ጫሌ ወጥተን፣ ጅግጅጋ አድረን፣ በድሬዳዋና በአዋሽ አድርገን፣ የአፋርን ሙቀት በጭነት መኪና አቋረጥን። ዴሬ ከእኔ ጋር ለመታረቅ በየጣቢያው ሐብሐብና ብርቱካን ይገዛል፤ እኔ አኩርፌ ለእትዬ ሐዋ አቀብላለሁ። ማታ ማታ አባዬ የሚጠይቀውን እያሰብኩ መልስ አስጠናዋለሁ። ያው የፈተና ጥናት ነው። እንዴት ትጸልያለህ፣ ማን አስተማረህ፣ ልጄን የት ታኖራታለህ፣ ብትታመም ማን ያስታምማታል። ይህቺን የመጨረሻዋን ሲመልስ ድምፁ ስለሚሰበር እየደጋገመ ያጠናት ነበር።

ባቲ ስንደርስ ገበያ ነበር። ባዶ እጄን አልገባም ብሎ በግ ሊገዛ ወረደ። የነጋዴውን እጅ በኩታው ሸፍኖ ያዘና በጣቱ ዋጋ ይነግረው ጀመር፤ በእነሱ አገር ከብት የሚሸጠው እንደዚያ ነው። ነጋዴው እጁን መንጭቆ "ሰውዬው ምን ነክቶታል?" ብሎ ጮኸ። እትዬ ሐዋ መሐል ገብተው አስታረቁ፤ በጉም ተገዛ።

ኮምቦልቻ የደረስነው የአረፋ ዋዜማ፣ ከቀትር በኋላ ነው። የበልግ ዝናብ ጥሎ አፈሩ ይሸታል፤ ወደ ቤታችን የሚያወጣው ዳገት ጭቃ ብቻ ሆኗል። ዴሬ አዲስ ጫማውን አድርጓል። ከበራችን ሃምሳ እርምጃ ያህል ሲቀረን በጉ ገመዱን አስለቅቆ ሮጠ። ዴሬም ተከተለው። በዚያ ቁመቱ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ሲንሸራተት ቆይቶ በደረቱ ተዘረረ፤ ነገር ግን የበጉን የኋላ እግር አለቀቀም። ፊቱ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ዓይኑ ብቻ ነበር የሚታየው። ቀና ብሎ፣ ሲያጠና የከረመውን መልስ ከዚያው ከጭቃው ውስጥ "አልሐምዱሊላህ፣ በራሴ ቤት አኖራታለሁ!" አለ።

ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ፣ ጭቃው ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ። ኩርፊያዬም ፍርሃቴም አብሮ ወጣ። "ዝም በይ አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ይሰማል!" ይላሉ እትዬ ሐዋ፤ ራሳቸውም እየሳቁ ነው።

አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዴሬን ከላይ እስከ ታች አየውና "ውሃ አቅርቡለት፣ ይታጠብ" አለ። እራት ቀረበ። የቤቱ ሰው ሁሉ ጥያቄውን ይጠብቃል፤ ዴሬ ያጠናውን በከንፈሩ እያነበነበ ተቀምጧል። አባዬ "ብላ" ከማለት በቀር አንድም ነገር አልጠየቀውም። በማግስቱ ከበዓሉ ሶላት ሲመለስ ተከትዬው ወፍጮ ቤት ገባሁ።

"አባዬ፣ ምነው ሳትጠይቀው?"

የወፍጮውን ቀበቶ መነካካት ጀመረ። "ከዚህ ከሄድሽ ወዲህ በስልክ እሰማሻለሁ። ደህና ነኝ ትያለሽ። ትናንት ሳቅሽን ከበር ሆኜ ሰማሁት" አለ። "ከዚህ ወዲያ ምን እጠይቀዋለሁ?"

በሳምንቱ ኒካሑ ታሰረ።

አባዬ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆነው። ያን ጊዜ ፈተናውን ያለፍን መስሎኝ ነበር የተደሰትኩት። ልጆች ወልጄ፣ አንድ በአንድ ወደ ሩቅ አገር ከሸኘሁ በኋላ ግን ሌላው ነገር ገባኝ። እነዚያ ጥያቄዎች ሁሉ እኔን ከሱ ዘንድ የማስቀሪያ መንገዶች ነበሩ። ዴሬ ሊመልሰው የማይችለው ጥያቄ መኖሩን አባዬ ያውቅ ነበር፤ ስንናፍቃት በማግስቱ ትደርስልናለች ወይ ብሎ ቢጠይቀው ኖሮ ጋብቻው እዚያው በቀረ። ያንን ጥያቄ ግን አልጠየቀም። ዋጠው፤ እኔንም መርቆ ሰደደኝ።