የማክሰኞ ውሃ

ቪርዢሊዮ ጣሪያው ክፍት በሆነ መኪናው የማዴይራን ደሴት ተራሮች ለእንግዶች ሲያስጎበኝ ሃያ ዓመት ሆነው። ዛሬ ዓይኑ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ አንዲት አሮጊት ላይ ቀረ። መኪናዋ በጉም መካከል እንደ ጀልባ ስትንሳፈፍ፣ እሳቸው የመኪናዋን የድጋፍ ብረት ጨብጠው ቆመዋል። እሱ «ዝቅ በሉ!» ከማለቱ በፊት ጎንበስ አሉ፤ ወደ መንገዱ የወጣ ቋጥኝ ከራሳቸው በላይ አለፈ።

«እማማ፣ የኛው ሰው ነዎት እንዴ?»

«ንዳ፣ አንተ ለፍላፊ!»

አንድ የመስኖ ቦይ አጠገብ ሲቆሙ ግን አሮጊቷ ወርደው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ። «ማክሰኞ የኛ ቤት የውሃ ተራ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ቤታችን ከዚህ ሥር ነው። አንድ ጊዜ ባየው...»

ከሥር ያለው የወይን እርከን ሁሉ ጉም ለብሷል።

ቪርዢሊዮ ሞተሩን አጠፋ። «ሞተሩ ግሏል፤ ጉሙ እስኪገለጥ እናሳርፈው» አላቸው ለእንግዶቹ፣ በዚያ ብርድ።