መኪናዋን የገመገምንበት ሰሞን

ክልሉ አዲስ ነበር፤ በውስጡ ያለው ዕቃ ግን ሁሉም አሮጌ ነበር። ወንበሮቹ ከድሮው አውራጃ ጽሕፈት ቤት የመጡ ናቸው። እኔ የምጽፍበት የጽሕፈት መኪና አራት ነጥብ በመታሁ ቁጥር ወረቀቱን ይበሳው ነበር። ቢሮአችን የነበራት አንዲት ነጭ የቤት መኪናም ካለፈው መንግሥት የተወረሰች ናት። ሹፌሯም አብረው ተወረሱ።

አሶሳ የመጣሁት ባለቤቴ በመምህርነት ሲመደብ ተከትዬው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ የጽሕፈት ሥራም ተምሬአለሁ፤ ቢሮው ሲከፈት ጸሐፊ ፈልገው ቀጠሩኝ። ሥራዬ ደብዳቤ መጻፍና በስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነበር። ደብዳቤው ጥቂት፣ ስብሰባው ብዙ ነው።

ሹፌሩ የበርታ ተወላጅ ናቸው፤ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው። አማርኛን ከጎለመሱ በኋላ የተማሩት ስለሆነ ለወንድም ለሴትም «አንተ» ነበር የሚሉት። መጀመሪያ ደንገጥ አልኩ፤ ቆይቶ ሌላ ሰው «አንቺ» ሲለኝ የተቆጣኝ ይመስለኝ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ቁርሳቸውን ከመቅመሳቸው በፊት መኪናዋን ያጥቡ ነበር።

ምክትል ኃላፊያችን ደግሞ ወጣት ነው። ውጭ አገር ሄዶ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ወስዷል። ሥልጠናው ስለ ምን እንደነበረ አንዳችንም አናውቅም፤ እሱ ግን በማንኛውም ጉዳይ ላይ ይጠቅሰው ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከግልገል በለሱ ጉዞ ነው። የክልላችን አንዱ ወገን አሶሳ፣ ሌላው ወገን ግልገል በለስ ነው። በዚያን ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ከክልሉ ወጥቶ፣ የሌሎችን ክልሎች አገር አቋርጦ፣ እንደገና ወደ ክልሉ መግባት ነበረብን። ምክትሉ ይህን «የማቀራረብ ጉዞ» ይለው ነበር። መኪናዋ ከራዲያተሩ ጀርባ ጎን ለጎን የተተከሉ ሁለት ማራገቢያዎች አሏት። ሥራቸው አየር ከውጭ እየሳቡ በራዲያተሩ በኩል ማሳለፍና የሞተሩን ውሃ ማቀዝቀዝ ነው። በማቀራረቡ ጉዞ ላይ አንደኛው ተቃጠለ።

ምክትሉ እዚያው ግልገል በለስ ከወደቀ መኪና ላይ ሌላ ማራገቢያ አስፈትቶ ይዞ መጣ። አሶሳ ሲደርስ ኮቱን አውልቆ ራሱ ገጠመው። ሽቦውንም ራሱ አገናኘ። ለጥንቃቄ ብሎ ሁለቱ ማራገቢያዎች ሞተሩ ሲነሣ አብረው እንዲነሡ አደረጋቸው። ከዚያ ሠራተኞች ሁሉ ወጥተን እንድናይ ተጠራን። ሞተሩ ተነሣ፤ ማራገቢያው ዞረ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሲዞር አይቼዋለሁና።

ሹፌሩ ጎንበስ ብለው ሽቦዎቹን ሊያዩ ሲሉ ምክትሉ «ያለቀ ሥራ ነው አባቴ» ብሎ ኮፈኑን ዘጋው።

በዚያው ሳምንት መኪናዋ መፍላት ጀመረች። ሜዳ ላይ ስትሮጥ ደህና ናት። ገበያ መሐል ስትቆም፣ ወይም ዳገት ላይ ከጭነት መኪና ኋላ ስታዘግም፣ የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ ይወጣና ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይመጣል። ሹፌሩ ራዲያተሩን አውጥተው አጠቡ። የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ተርሞስታት ነቅለው ጣሉ። የከተማው መካኒክ ጋስኬቱ ነው አለ። የቢሮአችን የፋይናንስ ሰውዬ የአሶሳ ውሃ ነው አሉ፤ በዚያ ውሃ ሻይም ቶሎ እንደሚፈላ በምሳሌ አስረዱ። ማራገቢያዎቹን የጠረጠረ አልነበረም። ሁለቱም ሲዞሩ ይታያሉ።

በመጨረሻ ሹፌሩ የጥንት ሹፌሮች የሚያውቁትን አንድ ዘዴ አመጡ። የመኪናዋን የውስጥ ማሞቂያ ከከፈቱት ከሞተሩ ሙቀት ጥቂቱ ወደ ተሳፋሪዎቹ ይዞራል። ሚያዝያ ነበር። አሶሳን በሚያዝያ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ኃላፊያችን ዝምተኛና ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ማሞቂያው ጉልበታቸው ላይ እየነፈሰ ይጓዙ ነበር። ሲወርዱ ሸሚዛቸው ገላቸው ላይ ተጣብቆ ይታያል። ክራቫታቸውን ግን አያላሉም። «ጉዞው ጥሩ ነበር» ይሉና ወደ ቢሯቸው ይገባሉ።

ምክትሉ ግን ጉዳዩን ከሥሩ አጠናው።

«የምትፈላው ስትቆም ነው አይደል?» አለ።

«አዎ» አሉ ሹፌሩ።

«እንግዲያው ችግሩ መቆሟ ነው። አትቁም።»

ይህ መመሪያ ሆነ፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ውጤቱ የታየው ባምባሲ ላይ ነው። ኃላፊው ሊጎበኙ ይመጣሉ ተብሎ ተማሪዎች ተሰልፈው፣ ሽማግሌዎች ከፊት ቆመው፣ ዙምባራ ነፊዎች መለከታቸውን ይዘው ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ዳር ይጠብቃሉ። መኪናዋ መጣች፤ መመሪያው መመሪያ ነውና አልቆመችም። ኃላፊው ላብ ያጠመቀውን እጃቸውን በመስኮት አውጥተው አውለበለቡ። መንገዱ መጨረሻ ላይ ዞረው ሲመለሱም በሌላኛው እጃቸው አውለበለቡ። በሳምንቱ ከባምባሲ ሽማግሌዎች መልእክት ደረሰን፦ «ሰው ጠብቀን ነበር፤ ያየነው እጅ ነው» ይላል።

ነገሩ አሁን የመኪና ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ። በዚያን ዘመን ደግሞ የፖለቲካ ጉዳይ የሚፈታው በግምገማ ነው። ሰው በተራ እየተነሣ ድክመቱን ይናገራል፤ የረሳውን ሌሎች ያስታውሱታል። ሹፌሩን መሐል አስቀመጥናቸው። እኔ ጥግ ላይ ብዕሬን ያዝኩ።

«አባቴ» አለ ምክትሉ፣ «መኪናዋ ለምንድን ነው የምትፈላው?»

«አላውቅም። ውሃ ሞላሁ። ራዲያተር አጠብኩ። ተርሞስታት አወጣሁ።»

«የጠየቅኩዎት ስለ ውሃ አይደለም። ስለ አመለካከት ነው።»

ሹፌሩ ወደ እኔ ዞሩ። የተጠየቁትን እንድተረጉምላቸው የፈለጉ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብለው «አመለካከት መኪና ውስጥ የት ጋ ነው ያለው?» አሉ።

የፋይናንሱ ሰውዬ ሳቁ፤ ወዲያው ሳቁን ወደ ሳል ለወጡት።

«ይህችን መኪና ባለፈው ሥርዓትም የሚነዱት እርስዎ ነበሩ» አለ ምክትሉ። «ያኔ ትፈላ ነበር?»

«አትፈላም ነበር።»

ምክትሉ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ይመዝገብ» አለ። መዘገብኩ።

ውሳኔው አጭር ነበር። በቀጣዩ ሳምንት ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፤ መኪናዋ ይዛቸው ባምባሲ ትሄዳለች፤ እዚያም ትቆማለች። ከፈላች ነገሩ አሻጥር ስለሆነ ሹፌሩ ይሰናበታሉ፤ ጡረታም አይኖርም። ኃላፊው መሬት መሬቱን እያዩ እጃቸውን አወጡ። የቀረነውም አወጣን።

ከስብሰባው ስንወጣ ሹፌሩ አጠገቤ መጡ።

«አንተ እህቴ፣ ጡረታ ከቀረ እኔ ምን እበላለሁ? ማሽላ እንዳልዘራ ጉልበት አለቀ።»

ቤታቸው ያለውን ሰው ብዛት አውቃለሁ። ቃለ ጉባኤውን በጽሕፈት መኪናው ልጽፍ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊው መኪና ውስጥ ሆነው፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ከመንቀሳቀሳቸው በፊት እንዲፈርሙ ቃለ ጉባኤውን ይዤ ወጣሁ። ሁለት ገጽ ነው። ኃላፊው በወዲያኛው በኩል ስለተቀመጡ በመኪናዋ ፊት ዞሬ ሳልፍ ወረቀቶቹ ከእጄ አመለጡ። ነፋስ አልነበረም። አንደኛው ገጽ ሄዶ የመኪናዋ ፊት ላይ፣ ከራዲያተሩ በፊት ባለው ወንፊት መሳይ ብረት ላይ ተለጠፈ፤ ልክ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንደተለጠፈ ጽሑፍ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለተኛው እዚያው አጠገብ ሊደርስ ሲል ተገፍቶ ተመለሰና በደረቴ በኩል አልፎ አጥሩ ሥር ወደቀ።

ሄጄ አነሣሁት። ተመልሼ ስቆም አንዱ ጉልበቴ ላይ ትኩስ አየር ይነፍሳል፤ በሌላው በኩል የነጠላዬ ጫፍ ወደ መኪናዋ ይሳባል። ወረቀቱን ከተለጠፈበት አንሥቼ ወደዚያኛው ጎን አስጠጋሁት። ተፋው። ወደዚህኛው መለስኩት። ተለጠፈ።

ኃላፊው በመስኮት ብቅ ብለው ላባቸውን እየጠረጉ «ምን እያደረግሽ ነው?» አሉኝ።

«ገጾቹን እያስተካከልኩ ነው» አልኳቸው።

ፈረሙ።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ስትመለስ ሹፌሩን ከግቢው ማንጎ ሥር አገኘኋቸውና አንዱ ማራገቢያ አየር ሲስብ ሌላው መልሶ እንደሚተፋው ነገርኳቸው። በመጀመሪያ ጸሐፊ ስለ ማራገቢያ ምን አገባት የሚል ፊት አሳዩኝ። ከዚያ ከሲጋራ ፓኮ ላይ ወረቀት ቀደው በሁለቱም በኩል ሞከሩ። ደግመው ሞከሩ።

«ወላሂ» አሉ። «ሲዞሩ አየሁ። ወዴት እንደሚዞሩ አላየሁም።»

«እኛም አላየንም፤ አጨበጨብን እንጂ» አልኩ።

ሥራው ሻይ ጠጥቶ የመነሣትን ያህል እንኳ አልፈጀም። አዲሱ ማራገቢያ በተቃራኒው እንዲዞር ሁለቱን ሽቦዎቹን ፈትተው አቀያየሯቸው። ሞተሩን አስነሡና መኪናዋን እንደቆመች ትተን ጥላው ሥር ጠበቅን። መርፌዋ መሐል ድረስ ወጣች፤ እዚያው ቆመች። ሹፌሩ ተነሥተው የውስጥ ማሞቂያውን ዘጉት። ከደስታቸው ያየሁት ይህን ብቻ ነው።

«አሁን ስብሰባው ላይ ይንገሯቸው» አልኳቸው።

«ምን ልበል?»

«እውነቱን። ሽቦው ተገልብጦ ነበር ይበሉ።»

«ሽቦውን ማን አገናኘው?»

ወደ ምክትሉ ቢሮ መስኮት አየሁ።

«እሱ ልጅ በሰው ፊት ካፈረ፣ እኔ ጡረታ አልደርስም» አሉ። እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩ። «እሱ ከእኔ የሚፈልገው አመለካከት ነው። እሰጠዋለሁ።»

በሚቀጥለው ግምገማ ሳይጠየቁ ተነሡ።

«አመለካከቴ ጥሩ አልነበረም» አሉ። «አሁን ተስተካክሏል።»

ምክትሉ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «መቼ ነው የተስተካከለው?»

«ከሰዓት በኋላ። ማንጎው ሥር።»

«መኪናዋስ?»

«እሷም ያኔ ተስተካከለች።»

«ዝርዝር ያስፈልገናል አባቴ። ድክመቱ ምን ነበር?»

«ዝርዝሩ ረጅም ነው» አሉ ሹፌሩ። «የእኔ አማርኛ አይበቃም።»

ሁላችንም ወጣን። መኪናዋ ሞተሯ ተነሥቶ ግቢው መሐል ቆመች። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። የፋይናንሱ ሰውዬ ለማንኛውም ብለው ጀሪካን ይዘው ነበር፤ ሲደክማቸው ተቀመጡበት። መርፌዋ አልተነቃነቀችም። ምክትሉ በዚህ መሐል ግምገማ ሰውን ብቻ ሳይሆን ሰው የሚይዘውን ዕቃም እንደሚያርም ከሥልጠናው እየጠቀሰ አስረዳን። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ እያመለከተ «ማራገቢያውንም እዩት፤ አገጣጠሙን» አለ። አየን። ሹፌሩ ከሁላችንም በላይ ጎንበስ ብለው አዩና «ጎበዝ» አሉት። ደስ አለው።

እንግዶቹ መጡ። መኪናዋ ባምባሲ ሄደች፤ ቆመችም። ኃላፊው በደረቅ ሸሚዝ ወርደው የሽማግሌዎቹን እጅ አንድ በአንድ ጨበጡ። አንዱ ሽማግሌ እጃቸውን ቶሎ አልለቀቋቸውም አሉ፤ ሰውየው መኖራቸውን የሚያረጋግጡ ይመስል። በምክትሉ ትእዛዝ ንግግሩ እስኪያልቅ ሞተሩ አልጠፋም ነበር። ሕዝቡ ከንግግሩ ይልቅ ማንም ሳይነዳት ስለምታጉረመርመው መኪና ነበር ሲያወራ የዋለው።

ዝናው ተሰማ። አንድ ጎረቤት ቢሮ ጄኔሬተሩ እንቢ ስላለው እንድንገመግምለት ጠየቀ። ምክትሉ ሹፌሩን ልምድ እንዲያካፍሉ ይዟቸው ሄደ። እሱ ሰዎቹን ሰብስቦ ሲያወያይ እሳቸው ወደ ጓሮ ዞረው ጄኔሬተሩን ከፈቱ።

«ምን ነበር?» አልኳቸው ሲመለሱ።

«ዘይት የለውም።»

«ምን አሏቸው?»

«አመለካከት ነው አልኩ።»

ጡረታቸው ሲደርስ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምክትሉ «የቀድሞ ሥርዓት አመለካከታቸውን በግምገማ አርመው ለሠራተኛው አርአያ የሆኑ» የሚል ሐረግ በእጁ ጽፎ እንዳስገባው ሰጠኝ። አስገባሁት። ሹፌሩ ደብዳቤውን ሊወስዱ መጥተው እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ይሄ ሰውዬ እኔ ነኝ?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት።»

«ጡረታው ግን ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው።»

ደብዳቤውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና፣ አዲሱ ሹፌር ሲመጣ ማራገቢያዎቹን በወረቀት እንዲሞክር እንድነግረው አደራ ብለውኝ ወጡ።