ከጓሮ የመጣች ምስክር

ስም አልጠራም። የምጽፍባቸው ሰዎች ራሳቸውን ያውቃሉ፤ ለማያውቃቸው ሰው ደግሞ ስማቸው ምንም አይጨምርለትም። ከባሌ ጋር እንዴት እንደተዋወቅን፣ ማን ቀድሞ ማንን እንዳናገረ ለማወቅ የሚጠብቅ ካለም ይቅርታ ያድርግልኝ፤ ያ የሁለታችን ነው። እዚህ የማሰፍረው ባሌን አጠገቤ ለማስቀረት የሄድኩበትን መንገድ፣ በዚያ መንገድ ላይም ማን ምን እንዳደረገኝ ነው።

ባሌ ሕንዳዊ ነው። በወጣትነቱ ለአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ሊተክል መጣ፤ ተክሎ ሲጨርስም እዚያው ጠጋኝ ሆኖ ቀረ። ነፋስ ስልክ ሰፈራችን ውስጥ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ለሁሉም «ሕንዱ» ነው። የመኖሪያ ፈቃዱን በየጊዜው የሚያሳድስለት ፋብሪካው ስለነበረ እኔም እሱም አስበንበት አናውቅም። ፋብሪካው ሥራ ሲያቆም ግን የሚያሳድስለት ጠፋ። ኢሚግሬሽን ሄደን ስንጠይቅ በመስኮቱ ያነጋገረን ወጣት ትሑት ነበር።

«የኢትዮጵያዊት ባል ከሆኑ በሚስትዎ በኩል ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላሉ። የጋብቻ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ኑ» አለን።

የጋብቻ ማስረጃ አልነበረንም።

ሰርጋችን የተደረገው ከሃያ ዓመት በፊት፣ አሁንም በምንኖርበት በእናቴ ግቢ፣ በድንኳን ነው። እሱ በእምነት ከእኛ ስለሚለይ ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም፤ ሽማግሌዎች መርቀውን እነሱው ባሉበት የጋብቻ ውል ልንፈርም ነበር የታሰበው። ለእሱ ዘመድ ሆነው የተቀመጡት ሁለት የፋብሪካው አዛውንቶች ነበሩ። በእኔ በኩል የእናቴ ወንድምና የኔ ታላቅ ወንድም ነበሩ። ተበላ፤ ሽማግሌዎቹ መረቁን። ውሉ ሊፈረም ሲል ወንድሜ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ።

«አገሩን ለማላውቀው ሰው ፊርማዬን አላኖርም» አለና ወጥቶ ሄደ።

እናቴ ሰው እንዳይሰማብን ብላ «ሌላ ቀን ይፈረማል፤ የዛሬን ደስታዬን አታበላሹብኝ» አለች። ያ ሌላ ቀን አልመጣም። እናቴ ሞተች፤ ወንድሟ ተከተላት፤ ሁለቱ የፋብሪካ አዛውንቶችም በሕይወት የሉም። ከአራቱ ሽማግሌዎች የተረፈው ያልፈረመው ወንድሜ ብቻ ነው። ልጅም አልወለድንም። በዚህ ብዙ ተብሏል፤ አልደግመውም።

ወረዳ ስንጠይቅ፣ እንደ አዲስ እንዳትጋቡ የእሱ ፈቃድ አልፎበታል፤ ውል ከሌለ ሰርጉ ላይ የነበሩ ምስክሮች ይዛችሁ ጋብቻውን በፍርድ ቤት አረጋግጡ ተባልን። ከዚያ ወጥተን ትልቁ አስፋልት ደረስን። ባሌ «ወደ አገሬ ሄጄ ልጠብቅ ይሆን?» አለኝ።

«ማን ጋ?»

«የወንድሜ ልጆች አሉ።»

«ያውቁሃል?»

«በስልክ።»

«በስልክ የሚያውቁህ ሰዎች ጋ በዚህ ጉልበትህ አትሄድም» አልኩት።

ከዚያ በኋላ መሄድ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ግን አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አውጥቶ ዚፑን ሲጠግን አገኘሁት። የተበላሸ ነገር አይቶ ማለፍ ስለማይችል ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። በማግስቱ ታክሲ ተሳፍሬ ወንድሜ ጋ ለቡ መብራት ኃይል ሄድኩ።

ሳሎን አስቀመጠኝ። ሚስቱ ለስላሳ ከፍታ አቀረበችልኝ፤ አልነካሁትም።

«ጋሼ፣ ሰርጌ ላይ ነበርክ» አልኩት።

«ነበርኩ።»

«ይህንኑ ፍርድ ቤት ቀርበህ እንድትናገርልኝ ነው የመጣሁት። ካልሆነ ባሌ ከአገር መውጣቱ ነው።»

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም። «እናገራለሁ፣ ምን ችግር አለው? እህቴ አይደለሽ? አንቺም ታዲያ የእናታችንን ቤት ነገር ጨርሺልኝ። ድርሻሽን በልጆቼ ስም አዙሪው። እስካላችሁ ድረስ ኑሩበት፣ ማን ያስወጣችኋል? ነገ አንቺ ቀድመሽ ብትሞቺ ግን ግቢው የባዕድ መጫወቻ ሊሆን ነው እኮ።»

«ባዕድ ያልከው እናታችን አልጋ ላይ በዋለች ጊዜ እያቀፈ ፀሐይ ያወጣት የነበረውን ሰው ነው?»

«አሁን ይህን ምን አመጣው?»

«አንተ ለበዓል ለበዓል ስትመጣ እሱ በየቀኑ ነበር ለማለት ነው።»

«እኔ ያልኩትን ብያለሁ። ሄደሽ አስቢበት።»

«አስቤበታለሁ» ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ። ለስላሳው እንደተከፈተ ቀረ።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ ብዙ ነገር ተገጣጠመልኝ። በሰርጌ ቀን ወንድሜ ያልፈረመው የባሌን አገር ባለማወቁ አልነበረም። ያን ጊዜም የሚያየው ግቢውን ነበር። እኔ ማንንም ሳላገባ እዚያ ቤት አርጅቼ እሞታለሁ፣ ቤቱም ለልጆቹ ይሆናል ብሎ ያቀደውን ነው ያፈረስኩበት። ደግሞ ባሌን ለማስቀረት ብዬ ቤቱን ብሰጥ የት ላስቀምጠው ነው? ከታክሲው ስወርድ ጉዳዩ አልቆልኝ ነበር። ወንድሜን ሁለተኛ አልለምነውም፤ ባሌም አይሄድም።

ድንኳኑ በሰርጉ ቀን ሙሉ ነበር፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት ድንኳን ሙሉ ሰው ይበትናል። ግማሹ ሞቷል፤ ሌላው ሰፈሩ ሲፈርስ የት እንደገባ አይታወቅም። አገላብጬ ሳስብ በቅርቤ የቀሩት ጓሮ ሽንኩርት ሲከትፉ የነበሩ ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው።

አንዷ ወዳጄ ናት፤ ከሆሳዕና መጥታ በልጅነቷ እዚህ የገባች፣ ጴንጤ ናት። ስነግራት ወዲያው እሺ አለች። «ግን እወቂው፣ ያየሁትን እላለሁ፤ ያላየሁትን አልልም» አለችኝ። ይህች ሴት ለማንም ብላ ዋሽታ አታውቅም፤ አንዳንዴ ይህ ጠባይዋ ያበሳጨኛል።

ሁለተኛዋ ከአጥሬ ወዲያ ነው የምትኖረው። በሰርጌ ቀን ሽንኩርቱ ላይ ተቀምጣ እኔ እንድሰማው ጮክ ብላ «ዓመት አይሞላም፤ ሻንጣውን ይዞ ውልቅ ነው» ያለች እሷ ናት። በዚያው ቀን ለሙሽራው ለብቻው በወጣው ወጥ ላይ አንድ ሰው ሚጥሚጣ ነስንሶበት ነበር፤ በሰው ፊት እንባና ንፍጡ እንዲቀላቀል። ነስናሹ ያላወቀው፣ ባሌ ባደገበት ቤት ቁርሱም እንዲሁ እንደሚያቃጥል ነው። ጥርግ አድርጎ በላና ጨምሩልኝ አለ። ማን እንዳደረገው ከፊቷ አውቄ ነበር። ብጠይቃት «እግዜር ይይልሽ» ብላ ካደች። ከዚያ ወዲህ ለቀብርና ለእድር ካልሆነ አንነጋገርም።

በሯን ሳንኳኳ ምስር እየለቀመች ነበር።

«ምነው፣ በር ተሳሳትሽ?» አለችኝ።

«አልተሳሳትኩም። ምስክር እንድትሆኚኝ ነው።»

«የምን ምስክር? ተሰረቅሽ?»

«ለሰርጌ።»

ሰፌዱን ከጭኗ አውርዳ አየችኝ። «ይህን ያህል ዘመን አብረሽው ኖረሽ አላገባሽውም ነበር እንዴ?»

«አግብቼዋለሁ። ወረቀት የለኝም። ወረቀት ካላመጣሁ ያስወጡታል።»

«ዓመት አይሞላም ብዬ ነበር እኮ። እሱንም ልመስክርልሽ?»

«የፈለግሽውን ተናገሪ። ሰርጌ ላይ ነበርሽ ወይስ አልነበርሽም?»

ምስሩን ትንሽ ለቀመች። እኔም ልለምናት አልፈለግሁም።

«እመጣለሁ» አለች በመጨረሻ። «ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። የስፌት መኪናዬ በቆመ ቁጥር የሚጠግንልኝ እሱ ነው።»

«መቼ ነው የጠገነልሽ?»

«አንቺ ብስራተ ገብርኤል ለመሳለም ስትሄጂ።» ይህን ስትለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኛል። ይፈራሻል።»

ቤት ገብቼ ባሌን ምንም አላልኩትም። በልቤ ግን ያዝኩበት።

የፍርድ ቤቱ ቀን ዝናብ ነበር። ዳኛዋ ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት ናት፤ ፊቷ ግን አይነበብም። ምስክሮቹ ውጭ እንዲቆዩ አዘዘችና ባሌን ከሰርጉ ቀን ምን እንደሚያስታውስ ጠየቀችው። እኔ ስለ ውሉ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ አጥንቶ የሚናገር መስሎኝ ነበር።

«የእናቷን ፊት አስታውሳለሁ» አለ። «ወጡንም። ብዙ ሚጥሚጣ ነበረበት፤ ጥሩ ነበር። እየበላሁ ሽማግሌዎቹ ለምርቃት ተነሡ። አፌ ሙሉ ስለነበረ አሜን ለማለት ዘገየሁ፤ ሰው ሳቀብኝ።»

እኔ ይህን አላስታውሰውም ነበር። ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ምን ታያለች?

መጀመሪያ ወዳጄ ገባች። ሃያ ዓመት እንደ ባልና ሚስት ስንኖር እንዳየችን፣ በሰርጉ ቀን ማለዳ መጥታ ከጎረቤቴ ጋር ሽንኩርት እንደከተፈች ተናገረች። ዳኛዋ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁን፣ ሁለታችንም ፈቃዳችንን ስንሰጥ አይታ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«አላየሁም» አለች ወዳጄ። «ጓሮ ነበርኩ። እልልታውን ሰምቻለሁ።»

ዳኛዋ ጻፈች። እኔ የወንበሩን ጠርዝ ያዝኩ። እንደዚህ ከሆነ ሁለተኛዋም ጓሮ ነበረች፤ ከእልልታ ሌላ የሰማነው የለም ብለን ልንወጣ ነው። ሻንጣው ታወሰኝ።

ጎረቤቴ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች፤ ማለች። ያው ጥያቄ ተጠየቀች።

«አይቻለሁ» አለች። «ሽማግሌው ሙሽራውን ወደሃት ነው ወይ አሉት። አዎ አለ። እሷንም ጠየቋት፤ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ መረቋቸው። ሙሽራው አፉ ሙሉ ነበር፣ አሜን ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ።»

ዳኛዋ ቀና አለች። «እርስዎ ወጥ ቤት ከሚሠሩት ጋር ነበሩ ተብሏል። ሌላዋ ምስክር ጓሮ ሆና ምንም አላየችም። እርስዎ ድንኳን ውስጥ ምን ያደርጉ ነበር?»

ጎረቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት፤ ዐይኔን ከፊቷ አልነቀልኩም።

«ሲያለቅስ ለማየት ነው፣ ልጄ» አለች።

«ክቡር ፍርድ ቤት ይበሉ» አላት ጸሐፊው።

«ክቡር ፍርድ ቤት። ሲያለቅስ ለማየት ነው።»

«ለምን ያለቅሳል?»

«ወጡ ላይ ሚጥሚጣ ነስንሼበት ነበር። ሳህኑን ተከትዬ ገብቼ ምሰሶው ጋ ቆምኩ።»

ጸሐፊው መጻፉን አቆመ። ዳኛዋ ጻፍ የሚል ምልክት ሰጠችውና «አለቀሰ?» ብላ ጠየቀች።

«የት አባቱ! ጨምሩልኝ አለ እንጂ።»

ባሌ ከጎኔ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ ሳቁን አፍኖ ነው። እኔ አልሳቅሁም። ሃያ ዓመት የካደችኝን በመሐላ ተናግራ፣ ቃሏም በመንግሥት ወረቀት ላይ ሲሰፍር እየሰማሁ ነበር።

ስንወጣ በረንዳው ላይ ዝናቡ እስኪያባራ ቆመን ሳለ «አሁን ደስ አለሽ?» አለችኝ።

«ተመዝግቧል» አልኳት።

«ይመዝገብ፣ ምን ያመጣል።» ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ዝናቡ ውስጥ ገባች።

ፍርድ ቤቱ ጋብቻችንን አጸደቀልን። ከዚያ ወረዳ፣ ከዚያ ኢሚግሬሽን፤ ነገ ኑ የተባልንባቸውን ጊዜያት አልቆጠርኩም። በተባልኩበት ቀን ሁሉ ሄድኩ። የመኖሪያ ፈቃዱ መታወቂያ እጁ የገባ ቀን ባሌ ታክሲ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከኪሱ አውጥቶ አየው። ቤት ስንደርስ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎትቼ የክረምት ብርድ ልብሶች ሞላሁበትና ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀልኩት። ቆሞ ሲያየኝ ቆየ እንጂ አልጠየቀኝም።

ወንድሜ ሰምቶ ደወለ። «ጨረሳችሁ አሉ» አለ።

«ጨረስን።»

«ሳትነግሪኝ?»

«ነግሬህ ነበር። ለስላሳ አቅርባችሁልኛል።»

ስለ ቤቱ ሊያነሣ እንደሆነ ገብቶኝ «ምጣዴ ሊያርብኝ ነው» ብዬ ዘጋሁት። ምጣድ አልጣድኩም ነበር።

የጣድኩት ዶሮ ወጥ ነው። ሲደርስ ለጎረቤቴ በጥልቅ ሳህን አወጣሁና ሚጥሚጣውን በማንኪያ ነሰነስኩበት። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

«ብዙ ነው» አለኝ።

«ውሰድላት።»

ወሰደላት። እኔ አጥሩ ሥር ጎመኔን ውኃ እያጠጣሁ ጆሮዬን ጣልኩ። መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። ቀጥሎ ሳል ተሰማኝ፤ ረጅም ሳል። ከዚያ «ጨው ረስታለች በላት» የሚል ድምፅ በአጥሩ ላይ መጣ።

ባሌ ሲመለስ ግን ባዶ እጁን አልነበረም፤ የስፌት መኪናዋን ከነሣጥኑ ተሸክሟል። በፊት በፊት እኔ በሌለሁበት ነበር የሚነካው። ዛሬ በፊት ለፊት በር ይዞት ገባና በረንዳው ላይ አስቀመጠው።

«ክር ይበጥሳል አለች። ነገ አየዋለሁ» አለኝ፤ ፊቴን እያየ።

«እየው» አልኩት።

ከሣጥኑ ላይ የተረሳውን ያልታጠበ ሳህን አነሣሁ። ጥርግ ተደርጎ ተበልቷል።