በሰው ቁስል የቀና ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ደምሴ ሸዋ ሮቢት ገበያ ዳር የስፌት መኪናውን እየረገጠ «መሬት ለአራሹ» ማለት የጀመረው ገና ማንም ሳይደፍር ነው። ወደ ደሴ የሚያልፉ ሾፌሮች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚበትኑትን ወረቀት ያቀብሉታል። በዙሪያው ያሉት የቀወት ወረዳ ጭሰኞች ግን ሱሪያቸውን አስጠግነው ሲወጡ «አፉ ከእጁ ይፈጥናል» እያሉ ይስቁበት ነበር።

ይልማ ከደብረ ሲና ተዛውሮ የመጣ አስተማሪ ነው። ነገሩን የሰማው ከደምሴ፣ እዚያችው ሱቅ ውስጥ ነው። ሁለቱ ድብቅ ማኅበር አቋቋሙ፤ ሦስተኛ የሚሆናቸው ሰው ግን አላገኙም። «ጃንሆይ አልሰሙም እንጂ ቢሰሙማ ይፈርዱልን ነበር» ይል ነበር እንዲገባ የለመኑት ሁሉ።

በ፲፱፻፷፮ ዓ.ም. አንድ ባለመሬት ቆላውን ለጥጥ እርሻ ፈልጎ ጭሰኞቹን ከመሬቱ አስለቀቀ። ጭሰኞቹም ተሰብስበው ለአቤቱታ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ፖሊስ ተኮሰ። ሷሊሕ የተባለ ወጣት ገበሬ እዚያው ወደቀ፤ ይልማም ጭኑን ተመታ። ደምሴ ከይልማ ጎን ቆሞ ነበር፤ ጭረት እንኳ አልነካውም።

ከዚያ ወዲህ ያገሬው ሐሳብ ተገለበጠ። ጃንሆይን ተስፋ ያደርጉ የነበሩት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ማኅበሩን አፈላልገው ገቡ። የመጡት ግን ወደ ይልማ ነው። ወተቱም ማሩም ወደ እሱ ቤት ሆነ። የደምሴ ሚስት ጌጤ እንኳ አጥሚት ሠርታ ልትወስድለት ተነሣች።

«እኔን አንድ ቀን እንዲህ አስታምመሽኝ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አንተ ምን ሆንክና?» አለች። ክፉ አስባ አልነበረም። እሱን ግን አንገበገበው።

በማግስቱ ገበያው መካከል ቆሞ ፖሊሶቹን «ነፍሰ ገዳዮች» ብሎ ሰደበ። ዱላውን ሲጠብቅ የፖሊሶቹ መቶ አለቃ ትከሻውን መታ መታ አደረገና «ደምሴ፣ ይልቅ የሰጠሁህን ኮት ጨርስልኝ» ብሎት አለፈ። ገበያተኛው ሳቀ።

ጥቂት ሰንብቶ የሷሊሕ እናት እማማ ሰይዳ ሱቁ መጡ። በርጩማ አቀረበላቸው።

«ልጄ አንተ ዘንድ የሰማውን ማታ ማታ ይነግረኝ ነበር» አሉ። «አስተማሪውን አያውቀውም። ያን ቀን የወጣው ባንተ ቃል ነው። ልውቀስህ ወይ ላመስግንህ፣ ወላሂ አላውቅም።»

ደምሴን ደስ አለው። «ለካ የኔ ነበር» አለ በልቡ። ወዲያው ቀና ሲል የሴትዮዋን ፊት አየ፤ ምን ደስ እንዳሰኘውም ገባው። በሟቹ እናት ፊት ሬሳ እየተሻማ ነበር። «አላህ ያጽናዎት» እንኳ ሳይል ቀረ፤ እሳቸውም ተነሥተው ሄዱ።

ከማኅበሩ አልወጣም። ይልማ እያነከሰ በገባ ቁጥር ሰዉ ተነሥቶ ቦታ ይለቅለታል፤ ደምሴም አብሮ ይነሣል። ቅናቱም አልለቀቀው። እማማ ሰይዳ ያሉትን ቢያወራ ለሱም ተነሥቶ ቦታ የሚለቅለት እንደማይጠፋ ያውቃል። ብዙ ጊዜ አፉ ላይ ደርሶ መልሶታል። ለጌጤ እንኳ አልነገራትም።